ሰማያዊ የጎደለው መስኮት

ጋምቤላን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሙቀቱ አይደለም፤ ብርሃኑ ነው። ከጎሬ ቁልቁል የወረደ ሰው ያውቀዋል። 2000 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ብርድና ጉም ተነስቶ፣ ደኑን ሰንጥቆ ወደ 500 ሜትር ሲጠጋ መጀመሪያ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ቀጥሎ መዳፉን ግንባሩ ላይ ይጋርዳል። በየካቲትና በመጋቢት ቆርቆሮው፣ የባሮ ውሃ፣ አስፋልቱ፣ ሁሉም ዓይን ይወጋል። ሰው ቀጠሮ ሲይዝ እንኳ "እማንጎው ሥር እንገናኝ" ይባባላል። ጥላ እዚያ ሀብት ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ ባለቀለም መስታወት መስኮት ለመሥራት መነሣቴ ዛሬም ይገርመኛል። ነገሩ ግን ከእኔ አልጀመረም።

2005 ዓ.ም. ነበር። የሥዕል መምህር ሆኜ ጋምቤላ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከከተማው ወጣ ብላ፣ ባሮ ዳር፣ አንዲት የካቶሊክ ጸሎት ቤት ነበረች፤ ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ። የዚያች ጸሎት ቤት ካቴኪስት በጥር አረፉ። ካቴኪስት ማለት፣ ለማያውቅ አንባቢ፣ ቄሱ ብዙ ቦታ ስለሚዞሩ እሳቸው በማይኖሩበት እሑድ ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያስጸልይ፣ ልጆችን ለጥምቀት የሚያዘጋጅ፣ የታመመ የሚጠይቅ ምእመን ነው። የጋምቤላ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከነቀምቴ ተከፍላ ራሷን የቻለችው በ1993 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው መሪዋም የሳሌዥያን፣ ሰው "ዶን ቦስኮ" እያለ የሚጠራው ማኅበር አባል፣ ጣሊያናዊው አንጀሎ ሞሬስኪ ነበሩ። ሰፊ ነው አገሩ፤ መንገዱም በክረምት የሚዘጋ ነው። በየመንደሩ ጸሎቱን ያቆዩት ግን እንደ እኚያ ሽማግሌ ያሉ ሰዎች ናቸው።

እኚህ አኙዋክ ሽማግሌ አንድ ነገር ነበራቸው፤ ባለ 50 ሉክ ደብተር። ከማኅበሩ የሞተውን ሁሉ ስሙን በደብተሩ ይጽፋሉ። በጥቅምት 23፣ ካቶሊኮች ሙታናቸውን በሚያስቡበት ዕለት፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ያነቡታል። አንዱ ልጃቸው ተማሪዬ ስለነበር አንድ ዓመት ጠርቶኝ ሄጃለሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው በዝግታ፣ እያንዳንዱን ስም እንደ እንግዳ እየተቀበሉ ያነባሉ። አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የሰዉ ትንፋሽ ግን ተለወጠ። ገጹ የታኅሣሥ 1996 ነበር። በዚያ ወር ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ብዙ አኙዋኮች ተገድለዋል። ከደጋ የመጣሁ ሰው ነኝና አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሲጨርሱ ደብተሩን ዘግተው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት። ስለ እሳቸው ሳስብ እስከ ዛሬ የማየው እነዚያን ሁለት እጆች ነው።

ከቀብሩ በኋላ ቄሱ፣ አባ የምንላቸው፣ ማንጎው ሥር ጠሩኝ። ሽማግሎችም ነበሩ።

"ቲቸር፣ መታሰቢያ ልናደርግላቸው ነው" አሉኝ። "በምሥራቅ በኩል ያለው መስኮት ክፍት ነው። ጠዋት ስንጸልይ ፀሐዩ ዓይናችንን ያጠፋብናል። በውጭ አገር በባለቀለም መስታወት ይሠራሉ። አንተ ሥዕል ታውቃለህ፤ ስማቸውም ይታሰብ፣ ፀሐዩም ይብረድልን።"

እሺ ለማለት አልዘገየሁም። ምክንያቱ ሽማግሌውን መውደዴ ብቻ አልነበረም፤ አንድ የቆየ ነገር ውስጤ ነበር። ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ለጉብኝት ወስደውናል። እዚያ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት የመስታወት ሥዕል አለ፤ አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ ጀምሮ ያለ፣ ሦስት ክፍል ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርካል። አስጎብኚው ስለ ዘንዶው፣ ችቦ ስለያዘው ቤተሰብ ሲያስረዳ እኔ አልሰማሁም። ከመስታወቱ የወረደ ቀይ ብርሃን እጄ ላይ አርፎ ነበር። እጄን ሳገላብጥ ቀዩ አብሮ ይገላበጣል። ቀለም ሳልቀባ ቀለም የያዝሁት ያኔ ነው። ሎሬቱ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. አርፈው ዓመት እንኳ አልሞላም ነበርና የአባ ጥያቄ ሲመጣ ያ ቀይ ብርሃን እንደ ገና እጄ ላይ ወረደ።

በዚያ ስሜት ተቀምጬ የሣልሁት ግን የውጭ አገር መስኮት ነበር። ከመጽሐፍ ያየሁት ዓይነት፦ ረጅም ቀሚስ የለበሰ ቅዱስ፣ በግራና በቀኝ አበባ፣ ከሥር በጥብጣብ ላይ የሽማግሌው ስም። ቁርጥራጩ መስታወት በእርሳስ (የምንጽፍበት ሳይሆን ማዕድኑ) ተያይዞ የሚቆምበት የጥንት አሠራር። ሽማግሎቹ ሥዕሉን አይተው "ጥሩ ነው" አሉ። የእንግዳ ልፋት አይናቅም ብለው ያሉት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ገንዘብ ተዋጣ፤ አዲስ አበባ ተሠራ፤ በሣጥን ታሽጎ በአይሱዙ ተጫነ። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሣጥኑን ስንከፍት ቅዱሱ ከአንገቱ በታች አልነበረም። እርሳሱ ታጥፏል፤ መስታወቱ ገለባ ሆኗል። ማንም ማንንም አልወቀሰም። አባ ስባሪውን በመጥረጊያ ሰብስበው ሣጥኑ ውስጥ መለሱትና "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ሄዱ። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። የብዙ ሰው ብር ነበር፤ ዓሣ ተሽጦ፣ በቆሎ ተሽጦ የመጣ ብር።

ያን ሣጥን ሳስታውስ የማምነውን ልናገር፦ ያ መስታወት በደህና ቢደርስ ኖሮ የእኔ መስኮት ይሆን ነበር። የእነሱ አይሆንም ነበር።

ሐሳቡን ያመጣው የሽማግሌው ልጅ ነው። እኔ በክፍል ውስጥ በአንድ ወቅት ስለ ወፍራም መስታወት ነግሬያቸው ነበር፤ ፈረንሳዮች ከመቶ ዓመት ወዲህ የጀመሩት፣ መስታወቱ እንደ ጡብ ወፍራም ሆኖ በእርሳስ ፋንታ በሲሚንቶ የሚያያዝበት አሠራር። ልጁ ይህን አልረሳም። "ቲቸር፣ የጠርሙስ መቀመጫ ወፍራም አይደል?" አለኝ። ለካ መልሱ በየመንደሩ ተጥሎ ኖሯል።

በሚቀጥለው እሑድ አባ ከጸሎት በኋላ ተናገሩ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጠርሙስ ያምጣ፣ ከአንድ በላይ ግን አይቀበሉም። ለምን እንዲህ እንዳሉ ኋላ ነገሩኝ። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በርሚንግሃም ከተማ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በቦምብ ተመትቶ አራት ልጃገረዶች ሲሞቱ፣ ባሕር ማዶ ያሉ የዌልስ ሰዎች መታሰቢያ መስኮት ሠርተው ለመላክ ገንዘብ አዋጡ። ማንም ከሁለት ተኩል ሺሊንግ በላይ እንዳይሰጥ ተወሰነ፤ አንድ ባለጸጋ ሁሉን ከፍሎ የራሱ እንዳያደርገው። መስኮቱ በ1965 እ.ኤ.አ. ተተከለ፤ ጥቁር ክርስቶስ እጆቹን ዘርግቶ የሚታይበት። አባ ያንን ታሪክ የት እንዳነበቡት አልጠየቅሁም። ጠርሙሱ ግን በሳምንቱ መጣ። በዘንቢል፣ በጆንያ፣ በልጆች እጅ።

አንድ ክርክር ተነሣ። ብዙው የቢራ ጠርሙስ ነበር። አንዲት እናት "የጠጪ ጠርሙስ በእግዚአብሔር ቤት?" ብለው ከልብ አዘኑ። አባ አልተቆጡም። "ባሮ ይጠበው" አሉ። ልጆቹ ጠርሙሱን ሁሉ ወደ ወንዙ ወስደው፣ አኙዋኮች ኦፔኖ በሚሉት በዚያው ውሃ፣ በአሸዋ ፈትገው አጠቡት። እናትየዋም ቆመው አዩ። ኋላ ጎንበስ ብለው እሳቸውም ያጥቡ ጀመር።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላልና። በጠርሙሱ ወገብ ላይ በነጭ ጋዝ የተነከረ ክር ጠበቅ አድርገን እንቋጥራለን። ክሩን እንለኩሰዋለን፤ እሳቱ ዙሪያውን ዞሮ ሊጠፋ ሲል ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። "ጧ!" ይልና በክሩ ልክ ይለያል። የተረፈውን ጠርዝ በድንጋይ እናደበዝዛለን። መስኮቱ 1 ሜትር ከ20 በ80 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በሲሚንቶ ሲሠራም ስለሚከብድ፣ በአራት ክፍል ከፈልነው። መሬት ላይ አሸዋ ደልድለን፣ የእንጨት ካሳፎርማ አስቀምጠን፣ የጠርሙሱን መቀመጫዎች በሥዕሉ መሠረት ደረደርን። በመካከላቸው ማሰሪያ ሽቦ አሳለፍን፤ ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ አፈሰስንበት።

የመጀመሪያው ክፍል ተሰነጠቀ። እኔ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ፀሐይ ላይ ትቼው ነበር። በማግሥቱ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ደረቀ ማሳ ተተርትሮ አገኘሁት። አንድ ግንበኛ አይቶ "ሲሚንቶ አይደርቅም፣ ይበስላል፤ የሚበስለውም በውሃ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ክፍል በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን፣ ልጆቹ በጀሪካን ከባሮ ውሃ እየቀዱ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሰባት ሰባት ቀን አጠጣነው። እንደ ችግኝ። ሲያልፉ ቆም ብለው በእጃቸው እርጥበቱን የሚሞክሩ ሰዎች ነበሩ።

ሥዕሉን በዚህ መካከል ቀይሬዋለሁ። ቅዱሱን ተውሁት። ሽማግሎቹን "ምን ይሁን?" ብዬ የጠየቅሁት ያኔ ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን። ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ አንደኛው "ወንዙ ይኑርበት፤ ስም አይኑርበት" አሉ። ስም ለምን እንዳይኖር ስጠይቅ፣ ሟቹ ሌሊትና ቀን የሌላውን ስም የጻፉ ሰው ናቸው፤ የራሳቸውን ብቻ ግድግዳ ላይ ብናደርገው የደብተሩ ሰዎች ምን ይላሉ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት እጆችና በመካከላቸው የሚወርድ ወንዝ ሣልሁ።

ችግሩ ወንዙ ነበር። ከተሰበሰበው ጠርሙስ ውስጥ ሰማያዊ የለም። ቡናማ ሞልቷል፤ የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሚሆነው የፀሐይ ጨረር ቢራውን እንዳያበላሸው ስለሆነ ለጋምቤላ መስኮት ከእሱ የሚሻል የለም። የወይን ጠጁ አረንጓዴ አለ። ነጩም አለ። መስታወት ሰማያዊ የሚሆነው ግን በአብዛኛው ኮባልት የሚባል ማዕድን ሲገባበት ነው፤ እንዲህ ያለ ጠርሙስ እኛ ዘንድ ብርቅ ነው። ከተሰበረው የአዲስ አበባ መስታወት ውስጥ ሰማያዊውን መረጥሁ፤ ቀጭን ስለሆነ ሦስት ሦስት እየደራረብሁ ወንዙን ጀመርሁት። የቅዱሱ ቀሚስ ወንዝ ሆነ። አልበቃም። ወደ ታች ሲወርድ ወንዙ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ። ልጆቹ አይተው "በክረምት ባሮ እንዲህ ነው" አሉና አጽናኑኝ፤ እውነታቸውንም ነበር።

የመጨረሻውን ክፍል ባፈሰስንበት ጠዋት የሟቹ እኅት መጡ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በበትር ነው የሚሄዱት። ከቀሚሳቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አንዲት ዶቃ አወጡ። ከሽንብራ ፍሬ ያነሰች፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዳር ዳሯ በመነካት ብዛት የለሰለሰች። ድሙይ ነበረች።

ስለ ድሙይ ብዙ ሰው አያውቅም። አኙዋኮች እንደ ጎረቤቶቻቸው ኑዌሮች በከብት ሳይሆን በድሙይ፣ በዚህ የጥንት የመስታወት ዶቃ ነበር የሚጋቡት። እህት ስታገባ የመጣው ድሙይ ወንድም ሚስት ያገባበታል፤ ከዚያ ወደ ሚስቲቱ ቤተሰብ ይሄዳል፤ እንደዚያ እየተሻገረ ትውልድን ከትውልድ ያያይዛል። አዲስ አይሠራም፤ ያለው ነው የሚዞረው። በአብዮቱ ዘመን በድሙይ መጋባት ከተከለከሉ ልማዶች አንዱ ሆኖ ብዙው ተበታተነ፤ ጠፋም። በእጁ የቀረ ሰው ግን ዶቃዋ በማን ጋብቻ እንደመጣች፣ ለማን ጋብቻ እንደሄደች ይናገራል። ሳይጻፍ የሚነበብ ደብተር ነው።

ሴትዮዋ በአኙዋክኛ ተናገሩ፤ የሟቹ ልጅ ተረጎመልኝ። "እኔ ሳገባ የመጣው ድሙይ ነው ወንድሜ ሚስት ያገባበት። ሐብሉ ሲሄድ አባታችን አንዷን ፍሬ አስቀሩልኝ። ሰማያዊ አጣችሁ ሲሉ ሰማሁ።"

ልቀበል አልደፈርሁም። ቢሆንም ሙያዬ ቀደመኝና "እናቴ፣ ሲሚንቶ ውስጥ ከገባች ብርሃን አያልፍባትም፤ አትታይም" አልኋቸው። ልጁ ተረጎመላቸው። ሳቅ አሉ፤ ከዚያ እጄን ያዙና ጣቴን ዶቃዋ ላይ አሳረፉት። "ይቺ በዓይን አይደለም፤ በጣት ነው" አሉ።

ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። ከወንዙ ሥር፣ ሰው ቆሞ እጁ በሚደርስበት ቦታ፣ በገዛ አውራ ጣታቸው ተጫኗት። ግማሿ ገባች፤ ግማሿ ወጣ ብላ ቀረች። ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው እዚያው ቆዩ። እኛም ጆንያውን ይዘን ቆመን ጠበቅን።

አራቱን ክፍሎች ስንተክል መጋቢት ገብቶ ነበር። እሑድ ማለዳ ፀሐይ ከባሮ ማዶ ስትወጣ ከውስጥ ሆነን አየነው። እኔ የጠበቅሁት የአፍሪካ አዳራሹን ቀይ ነበር። የመጣው ሌላ ነው፤ ቡናማና አረንጓዴ፣ የማንጎ ሥር ብርሃን። ሰዉ ዓይኑን ሳይከልል ጸለየ። ያ ብርሃን ከቀዩ አነሰብኝ ብዬ አላውቅም። በብርድና በደመና አገር የመስታወት ሥዕል የሚሠራው ብርሃንን ለመጥራት ነው፤ ጋምቤላ ግን መስኮት ጥላ ሲሰጥ አየሁ። ጥቅምት ሲደርስ ደብተሩን ልጁ አነበበ፤ የመጨረሻው ስም የአባቱ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ከጋምቤላ ወጣሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጣሊያንን ሲያጠቃ አቡነ አንጀሎ ሞሬስኪ በብሬሻ ከተማ ማረፋቸውን ሰማሁ። ዕድሜያቸው 67 ነበር፤ በበሽታው ሕይወታቸው ያለፈ የመጀመሪያው የካቶሊክ ጳጳስ መሆናቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ያ ጊዜ ሰው ሬሳውን እንኳ የማይሸኝበት ጊዜ ነበር። ለተማሪዬ ስልክ ደወልሁ። ደብተሩ ውስጥ ስማቸውን እንደጻፈ ነገረኝ። ባለ 50 ሉኩ አልቆ ሁለተኛ ደብተር መግዛቱንም ነገረኝ።

አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሲከፈት ሄጄ የአፈወርቅን መስታወት እንደ ገና አየሁ። ከሥሩ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ ቀዩ ወረደልኝ። ሌላው እጄ ግን ሳላዝዘው ግድግዳው ላይ ዶቃ ይፈልግ ነበር።

ባለፈው ክረምት ተማሪዬ ፎቶ ላከልኝ። አሁን ልጆች አሉት፤ እሑድ እሑድ የሚያስጸልየውም እሱ ነው። መስኮቱ ከታች በግራ በኩል ተሰንጥቋል፤ ድሙይዋ ደህና ናት፤ ሲሚንቶውም በዙሪያዋ በእጅ ብዛት እንደ ቅቤ ለስልሷል። ሊጠግኑት ፈልገው ድብልቁ ስንት በስንት እንደነበር ጠየቀኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት፦ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ አሸዋ፤ ሰባት ቀን ውሃ እንዳይለየው።